አንድ ነገር ብቻ አውሱኝና ልሂድ

የማሽላው እሸት ሲደርስ አገራችን ድምፅ ብቻ ይሆናል። አገዳው ከሰው ቁመት ያልፍና ቤት ከቤት አይተያይም፤ ሃምሳ እርምጃ ላይ ያለች ጎረቤት የምትታወቀው በሳሏ ነው። ጠዋት ጠዋት ከዞብል ተራራ በኩል ትንሽ ነፋስ ይመጣል፤ ረፋድ ላይ እሱም ይደክመዋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሙቀት ነው። ወፍ ጠባቂው ማማው ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ያጮኻል፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮኻል፣ ከማዶ ሌላው ይቀበለዋል። ጥቅምት ማለት ለእኔ እስከ ዛሬ ያ ጩኸትና የእሸቱ ሽታ ነው።

በጥር ተድሬ ሮቢት አጠገብ ወዳለው መንደር ስገባ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ያ ጥቅምት የመጀመሪያዬ ነው። ባሌ ገብሩ ወፍ እንድጠብቅ ማማ ላይ ሲያወጣኝ ሴቶቹ አዘኑልኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከላይ ሆኖ ሲያዩት ማሽላው ውሃ ይመስላል፤ ነፋስ ሲነካው ሁሉም ባንድ ላይ ዘንበል ይላል። ደግሞም ገብሩ ከፍታ ይፈራ ነበር። ማማው ላይ እስካለሁ ድረስ አይመታኝም።

ችግሩ መውረድ ነው። ታች ሆኜ ብጮኽ ማን ይሰማኛል? አገር በሙሉ በሚጮኽበት ወር የሚመታን ሰው ከወፍ ጠባቂ የሚለይ ጆሮ ከየት ይመጣል? እንዲህ እያልኩ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተገፋና አንዲት ቀጭን ረዥም ሴት ገባች። ገብሩን ከነዱላው አየችው፣ እኔን ጥግ ላይ አየችኝ፣ ምንም እንዳላየች ሆነችና፣ "እንደምን ዋላችሁ ጎረቤቶች፤ አንድ ነገር ብቻ አውሱኝና ልሂድ" አለች።

የፈለገችው ጨው ነው። ጨው ተሰጣት። አልሄደችም።

ተዋሽ የሌለበት መንደር የለም። ፈጣሪ መንደር ሲያቋቁም መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ዛፍ፣ ሦስተኛ የማይመልስ ተዋሽ ያኖርበታል፤ ሌላው ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። እናንተም ሰፈር እንዳለች አውቃለሁ። ዕቃ ሲጠፋባችሁ ከመደርደሪያችሁ በፊት የምታስቡት የእሷን ቤት ነው። የእኛዋ ግን ተራ ተዋሽ አይደለችም። የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ኡሙሰልማ ናት፤ የመላው ቆላ የውሰት ጉዳይ የበላይ ኃላፊ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ወንፊቴን ከወሰደች ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ አንቱ የምላት የመለሰችልኝ ዕለት ነው።

ያልተዋሰችው ነገር የለም። ጨው፣ ፍም፣ ማጭድ፣ መርፌ የተለመዱት ናቸው። አንድ ቤት የአህያ ኮርቻ ተውሳለች፤ አህያ የላትም። ሌላ ቤት፣ "የእኔ አውራ ዶሮ ድምፁ ተዘግቷል" ብላ አውራ ዶሮ ተውሳለች። የታች ሰፈር አንዱ ጎረምሳ ባል ከገበያ ተናዶ በገባ ቀን ደግሞ የስድስት ወር ልጁን ከእናቱ ጀርባ ላይ ተዋሰች። "እቅፌ ባዶ ሆኖብኝ ነው፤ እስክታርፊ ልያዘው" ብላ ልጁን አቅፋ በሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። ልጅ ያቀፈች አሮጊት በር ላይ ተቀምጣ ማን ማንን ይመታል?

አቀማመጧን ማየት ነው። መጀመሪያ ቆማ ትለምናለች። ቀጥላ፣ "ጉልበቴ" ትልና ትንሽ ታርፋለች። ከዚያ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ይሄኔ ነገር አለቀ ማለት ነው። ወደ አባወራው ዞር ትልና፣ "የበሬው ሳል ተሻለው?" ትለዋለች። በእኛ አገር እንግዳ ጠይቆ ዝም አይባልም፤ በእንግዳ ፊት እጁን ያነሳ ሰው ደግሞ ለሽምግልና አይቀመጥም፣ በሠርግ አይጠራም። ስለዚህ ሰውየው ዱላውን ወደ ግድግዳው ያስጠጋና ስለ በሬው ሳል ያወራል። ከበሬው ወደ ዝናቡ፣ ከዝናቡ ወደ ጎርፉ፣ ከጎርፉ ወደ ሞተው አያቱ ትወስደዋለች። እሷ ስትነሳ ሰውየው ለምን እንደተናደደ ረስቶታል፤ ወይም እንቅልፍ ወስዶታል።

ጨው መዋስ አንድ ጊዜ ያስገባል። መመለሱ ሁለተኛ ጊዜ ያስገባል። ክብርት ወይዘሮ ደግሞ የምትመልሰው እንደ ሐኪም መድኃኒት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው። የዚያን ጥቅምት የተዋሰችኝን አንድ ኩባያ ጨው መልሳ የጨረሰችው ለገና ነው።

እኔ ያን ሁሉ ዘመን አልገባኝም። ወሬ ፈላጊ ናት እላለሁ። "ዛሬ ደግሞ መጣች" እያልኩ ጨውን እደብቃለሁ። ገብሩ ራሱ ቀድሞኝ ሳይገባው አልቀረም፤ በኋላ በኋላ ዱላውን ከማንሳቱ በፊት በሩን ያይ ነበር። እሷ ቆቦ ገበያ የምትሄድባቸው ቀኖች ነበሩ እንግዲህ። የፊት ጥርሴ የወለቀው ከነዚያ በአንዱ ነው። ገብሩ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ነፍሱን ይማረውና በዚህ አላማውም፣ አላመሰግነውም።

የገባኝ ግራሩ ሥር ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ከወልድያ አንዲት የድርጅት ልጅ ትመጣልን ጀመር፤ ሔዋን ትባላለች። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሰኞ ሰኞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ግራሩ ሥር ትሰበስበንና በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ታወያየናለች። ትልቅ ወረቀት ግንዱ ላይ ትሰቅላለች፣ ወረቀቱ ላይ ዛፍ ትስላለች። ዛፍ ሥር አስቀምጣን ዛፍ ስትስል መጀመሪያ አልተመቸንም። በኋላ ግን ሥሩ ላይ መንስኤውን፣ ቅርንጫፉ ላይ መዘዙን ስትጽፍ ሁሉም የየራሱን ቅርንጫፍ ማየት ጀመረ። ጎበዝ ልጅ ናት። መሠረተ ትምህርት ባስቆጠረኝ ፊደል እኔም ሥር ሥሩን አነብላት ነበር።

የስብሰባው አውራ እንድሪስ ነው። አያ እንድሪስ የቅሬያችን ሰብሳቢ ነው፤ ቅሬ ማለት በእኛ አገር ሙስሊም ክርስቲያኑ ባንድ ላይ ሆኖ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ንግግር ያውቃል። "ጥቃት የልማት እንቅፋት ነው" ሲል ግራሩ ራሱ ያጨበጭባል ያሰኛል። ሔዋን አንድ ሰኞ እንዲህ ብላ ጠየቀች፤

"ጎረቤት ቤት ድብደባ ስትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ?"

እንድሪስ ተነሳ። "ለሚመለከተው አካል እንጠቁማለን።"

"በጣም ጥሩ።" ጻፈችው። "ሌላስ?"

"ግንዛቤ እንፈጥራለን" አለ እንድሪስ ሳይቀመጥ።

"ሌላስ? ከሴቶች?"

ከኋላ፣ "እኔ ጨው እዋሳለሁ" የሚል ድምፅ መጣ።

ሳቁ ሌላ ነበር። እኔም ጥርሴ የወለቀበትን በነጠላዬ ሸፍኜ ሳቅኩ። ሔዋን ብቻ አልሳቀችም። "እማማ፣ አልገባኝም" አለቻት።

"እገባለሁ። ጨው እላለሁ። እቀመጣለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እቀመጣለሁ አልኩሽ እኮ ልጄ።"

"እስከ መቼ?"

"ሰውየውን እስኪደክመው። እሱ ሥራ አለበት። እኔ ምን አለብኝ?"

ሳቄ መሀል ላይ ተቋረጠ። አጠገቤ ያሉት ሴቶችም አንድ በአንድ ዝም እያሉ ነበር። እያንዳንዷ የራሷን ቀን ታስባለች፤ ፍም የተጠየቀችበትን፣ ኮርቻ የተጠየቀችበትን፣ ዶሮ የተጠየቀችበትን። እኔም አሰብኩ። በከንቱ የመጣችበት ቀን የለም። አንድ ቀን እንኳ በሰላም ቀን ጨው ጠይቃኝ አታውቅም።

"እርስዎ በማይኖሩበት ቀንስ?" አለች ሔዋን ቀስ ብላ።

ኡሙሰልማ አጎነበሰች። ወደ እኔ አላየችም፤ ወደ አፌ ግን ያየች መሰለኝ። "እሱን ነው እኔም የምጠይቅሽ" አለች።

"ያኔ ለእኔ ይደውሉ። ስልክ አለዎት?"

"ስልክማ አይጠፋም። እዋሳለሁ።"

ሔዋን ለሚመለከተው አካል ከሚለው በታች አንዲት ቃል ጻፈች፤ ጨው።

አምና የካቲት፣ ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አያ እንድሪስ ግራሩ ሥር ተነስቶ ሁላችንን አስለቀሰን። ልጁ ጀዊሪያ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ በሰኔ የሚኒስትሪ ፈተና አለባት። "ሐሙስ በቤቴ ለፈተናዋ ዱአ አስደርጋለሁ። የሴት ልጅ ትምህርት የአገር ብርሃን ነው" አለ። ተጨበጨበለት። ሔዋን ደብተሯ ላይ፣ አርአያ አባት፣ ብላ ስትጽፍ በዓይኔ አየሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ክብርት ወይዘሮ ጨው ልትዋስ እንድሪስ ቤት ገባች። ጩኸት ሰምታ አይደለም። ዝምታ ሰምታ ነው። ያቺ ጀዊሪያ ትምህርቷን ጮክ ብላ የምታጠና ልጅ ናት፤ የእኛ ሰፈር ሰው ሳይወድ በግድ ሳይንስ የተማረው በእሷ ነው። ሦስት ቀን ድምፅ የለም። ኡሙሰልማ ብትገባ ልጅቱ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት እጇ እስከ አንጓዋ ሂና ተቀብቷል።

"ለፈተና የሚያዘው እስክሪብቶ ነው" ብላ አጫወተችኝ በኋላ። "ሂና ለምኑ ነው?"

እናትየዋ ሀጀራ አንገቷን ደፍታ ጨው ስትፈልግ፣ ልጅቱ ኡሙሰልማን ቀሚሷን ይዛ፣ "እማማ፣ እኔንም ይዋሱኝ" አለቻት። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ነገሩን ሀጀራ በሹክሹክታ ዘረዘረችላት። ዱአው ሠርግ ነው። ሙሽራው መህዲ የሚባል ቆቦ ላይ ሦስት ባጃጅ ያለው፣ ሠላሳን ያለፈ ሰው ነው። ሐሙስ ወገኖቹን ይዞ እንደ ዱአ እንግዳ ይመጣል፣ ይበላል፣ ልጅቱን አሳፍሮ ይሄዳል። ቀበሌ ቢጠይቅ ዱአ ነበር ይባላል።

ኡሙሰልማ ከዚያ ቤት ጨው ብቻ ይዛ አልወጣችም። "ሀጀራ፣ ያን ትልቁን ድስት አውሺኝ" አለቻት። ሀጀራ ድስቱን አወጣች። ትንሽ ቆማ አሰበችና ሁለተኛውንም አወጣች። ሙቀጫውን ጨመረች። የሥጋውን ቢላዋ ራሷ በጨርቅ ጠቀለለችውና፣ "ይሄንንም ውሰጂው" አለች። "ለመመለስ አትቸኩዪ።"

ክብርት ወይዘሮ በቀጥታ የመጣችው እኔ ዘንድ ነው። የቅሬው ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ነው።

"ማሚቴ፣ አንድ ነገር ብቻ አውሺኝና ልሂድ።"

"ምን?"

"የቅሬውን ዕቃ።"

"የትኛውን?"

"ያለውን።"

ያለው ደግሞ ብዙ አልነበረም። ግማሹ በጦርነቱ ጊዜ ሄዶ ሦስት ትልልቅ ብረት ድስት፣ ሁለት ጋን፣ አንድ ድንኳንና ሰባ የማይሞላ ሳህን ነው የቀረን። ቢሆንም ከዚያ ሌላ ለሠርግ የሚበቃ ዕቃ በመንደሩ የለም። ነገሩን አስረዳችኝ። የቅሬው ሰብሳቢ እንድሪስ ራሱ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት የሚያነሳው የለም፤ እኔ ደግሞ መበለት ነኝ፣ ልጆቼ ሩቅ ናቸው። አሮጊት ለቀብሯ ስትፈራ ቀልድ አይደለም።

"ለሔዋን ለምን አትደውዪም?" አልኳት።

"እደውላለሁ። ዛሬ ሕግ ይዛ ብትመጣ ግን ዱአ ነው ይላታል። ዱአ ማን ይከለክላል? ከዚያ ልጅቱን ዛሬውኑ ለዘመድ ያሻግራታል። ሀጀራንም አንቺ ነሽ የተናገርሽው ይልና..." አልጨረሰችውም። ለእኔ መጨረስ አያስፈልጋትም። "ድግስ ከሌለ ግን ሙሽራ ወሳጅ አፍሮ ይመለሳል። ድግስ ያለ ድስት አይሆንም። ለሚበላ ሰው ደግሶ ነው ልጅ የሚሰጠው፤ ወግ ነው።"

የራሴ ሠርግ ትዝ አለኝ። ድስቶቹ በረድፍ ተጥደው፣ ሰው ሁሉ የበላበትን ቀን። ያኔ ድስቱን የተዋሰ ሰው አልነበረም።

ቁልፉን ሰጠኋት። "መቼ ትመልሺዋለሽ?" አልኩ ከልማድ።

"አብሽሪ" አለች።

ዕቃው በፈረስ ጋሪ ተጭኖ ሮቢት ወደሚገኝ በያጅ ሄደ፤ የድስቶቹ እጀታ ላልቷልና ይበየድ ተብሎ። እውነትም ላልቶ ነበር። በያጁ ጋ መብራት አልነበረም። መብራት መቼ ይመጣል ሲባል፣ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ አለ። ከዚያ በኋላ ክብርት ወይዘሮ መንደሩን ቤት ለቤት ዞረች። የሕይወቷ ታላቅ ቀን ነበር። ረቡዕ ቀትር ላይ በመንደራችን አንድ እንቁላል የሚቀቅል ዕቃ አልቀረም። ማንም አልጠረጠራትም፤ እሷ ስትዋስ ማን ይደነግጣል? አርባ ዓመት ለዚህ ቀን የተለማመደች ነው የሚመስለው።

ረቡዕ ከሰዓት እንድሪስ ደጄ ላይ ቆመ። ላብ በላብ ሆኗል።

"እትዬ ማሚቴ፣ ለዱአው ትንሽ ዕቃ ፈልጌ ነበር።"

"ለዱአ ምን ዕቃ ያስፈልጋል፣ አያ እንድሪስ? ቆሎ በሰፌድ ይበቃል።"

"እንግዳ ቢመጣ ብዬ ነው።"

"ስንት እንግዳ?"

አፉ ላይ ቁጥሩ ሲመላለስ አየሁት። "ጥቂት ነው" አለ።

"ለጥቂት ሰው ከራሴ ሁለት ሳህን እሰጥሃለሁ። የቅሬው ለጥገና ሄዷል።"

"ማን ፈቅዶ?" ሊል ነበር፤ አየሁት። ግን ለምን ቸኮልክ ብለው ምን ይመልሳል? በሬውን አርዶ ሰባ ሰው ሊያበላ መሆኑን ሊነግረኝ ነው? ከቆቦ ኪራይ እንዳያስመጣ ድንኳንና ወንበር ጭኖ የሚገባ ባጃጅ ራሱ አዋጅ ነው። እንድሪስ ዱአ ብሎ አጥር አጠረና አጥሩ ውስጥ ራሱ ቀረ። ሁለቱን ሳህን ይዞ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት መህዲና ወገኖቹ ባጃጅ በባጃጅ ሆነው ሲደርሱ ግቢው ሞልቶ ጠበቃቸው። ዱበርቲዎቹ፣ እነዚያ ዱአ አድራጊ ትልልቅ ሴቶች፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል። ኡሙሰልማ ፊት ናት። ዱአው ለፈተና ነውና የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ተጠርቶ ክራቫት አድርጎ መጥቷል። ከጎኑ ሔዋን ሻርፗን ተከናንባ ተቀምጣለች፤ በተውሶ ስልክ የተጠራች። ጀዊሪያ በመሀል ናት፣ ሂናዋን ታቅፋ። መሀል ላይ አንድ ሰፌድ ቆሎ አለ። ሌላ የሚበላ የለም፣ ሽታውም የለም።

የመህዲ ሽማግሌዎች ሰፌዱን አዩ፣ እንድሪስን አዩ። እንድሪስ መሬቱን አየ።

ኡሙሰልማ እጇን ዘረጋች። "ያረቢ፣ ጀዊሪያን ስምንተኛን አሳልፍልን።"

"አሚን" አለ ግቢው።

"ዘጠነኛንም በሰላም ታስጀምራት።"

"አሚን።"

"አሥረኛን።"

"አሚን።"

ዱአ ላይ አሚን አልልም የሚል ሙስሊም የለም፤ እኔም በበኩሌ አሜን እያልኩ ነበር። አሥራ አንደኛ ላይ የእንድሪስ ድምፅ ቀነሰ። ኡሙሰልማ ቆም ብላ፣ "የአባት አሚን ይበልጣል" አለችና እስኪል ጠበቀችው። አለ። አሥራ ሁለተኛ ላይ ስትደርስ ሙሽራው መህዲ ራሱ አሚን ብሏል። ዩኒቨርሲቲ አስገባቻት፣ አስመረቀቻት፣ ሥራ አስያዘቻት፣ ከዚያ ወዲያ፣ "ወድዳ የምትመርጠው ደግ ባል" አለችላት። አሚን ተባለ። ከመህዲ ሽማግሌዎች አንዱ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ፣ "የመጣነው ለሠርግ ነው ለምረቃ?" ሲል ሰማሁት። እፍኝ እፍኝ ቆሎ ዘግነው ባጃጃቸውን አስነስተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌም መልእክትም ሳይልኩ ቀሩ፤ ድግስ ሳይደገስላቸው የተጠሩ ሰዎች ምን ብለው ይመለሳሉ?

ሔዋን ሳትነሳ ቆየች። ሰዉ ሲበተን እንድሪስን ለብቻው አነጋገረችው፤ ሕጉ የሚለውን፣ ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ ሳትሸፍን ነገረችው። በሳምንቱም፣ በአሥራ አምስት ቀኑም ቤቱ ትገባ ነበር። ጨው አትጠይቅም፤ ጀዊሪያን ነው የምትጠይቅ።

እሁድ ቅሬው ተሰበሰበ። እኔ ሌሊቱን ቀብሬን ሳስብ አድሬ ነው የሄድኩት። እንድሪስ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "የቅሬው ዕቃ ያለ ሰብሳቢው ፈቃድ ወጥቷል። ባለቁልፏም ተዋሿም ከማኅበሩ ይሰረዙ" አለ።

አንድ ሽማግሌ፣ "ለምን ተፈልጎ ታጣ?" ብለው ጠየቁት።

"ለዱአው።"

"ዱአው ደርሷል እኮ። ምን ጎደለበት?"

ከሴቶቹ በኩል ሀጀራ ተነሳች፤ በስብሰባ ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት። "ከእኔ ቤት የወጣውን የሰጠሁ እኔ ነኝ" አለች። "ማንም አልወሰደብኝም። ይቆይላት።" ተቀመጠች። ኡሙሰልማ ከመቀመጫዋ ተነስታ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። በዚያው አልተነሳችም፤ ከስብሰባው በኋላም እስከ ቤቷ ተከትላት፣ ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ቤት ስለ በሬው ሳል ስታወራ ከረመች።

በዚያች እሁድ እንድሪስ ተመልሶ ተቀመጠ። "አሚን ብያለሁ" አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር። "ይለፍ።" አንድ ነገር አልክድለትም፤ አሚን ካለ ወዲህ ቃሉን አላጠፈም። ጀዊሪያ በሰኔ ተፈተነች፣ አለፈች። አሁን ዘጠነኛ ናት፤ ጮክ ብላ ማጥናቷን አልተወችም፣ ሰፈሩ ፊዚክስ ጀምሯል። ድስቶቹም መብራት ሲመጣ ተበይደው ተመለሱ። ከጨው ሌላ በታሪኳ የመለሰችው ይህን ብቻ ነው።

ክብርት ወይዘሮ ክረምቱ ሲወጣ ጉልበቷ እምቢ አላት። ጎብዬ ከተማ የሚኖረው ልጇ ካሊድ ሊወስዳት ባጃጅ ይዞ መጣ። ልሰናበታት ብሄድ ጓዟ መሀል ወንፊቴን ይዛ ቆማለች። ሽቦው ዝጓል፣ ጠርዙ በክር ተሰፍቷል።

"ያንቺ ነው። እንኪ" አለች።

እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ አሰብኩት። ይህን ከተቀበልኳት ወዲያ ወደ ቤቴ በምን ምክንያት ትመጣለች?

"ተይው" አልኳት። "መጥተሽ ትመልሺዋለሽ።"

ዘንድሮ ጥቅምት ማሽላው ጥሩ ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ወፍ ጠባቂዎቹን ስሰማ አንዱ ጩኸት የወፍ ጠባቂ አልመሰለኝም። ጨው ቤቴ ሞልቷል። ኩባያ ይዤ ወጣሁ፣ በአገዳው መሀል አልፌ የሰው በር ገፋሁ። "እንደምን ዋላችሁ፤ አንድ ነገር ብቻ አውሱኝና ልሂድ" አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ከዚያ፣ "ጉልበቴ" ብዬ ተቀመጥኩ።

ኡሙሰልማ ጎብዬ ናት። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ካሊድ ቤት ነው ያለችው። ወንፊቴም እሷ ጋ ነው።